አንድ ጂሜል ለግማሽ ጉለይል

ሰፈራችን ጉለይል ውስጥ «አይፎን ይሻላል ሳምሰንግ?» የሚለው ክርክር በአቦል ተጀምሮ በበረካም አያልቅም ነበር። ሲኒው ታጥቦ፣ ረከቦቱ ተነስቶ፣ ሰዉ ጫማውን እያጠለቀ እንኳ አንዱ ከበር መለስ ብሎ «ካሜራውንስ ምን ልትሉ ነው?» ይል ነበር። መነጽር ስለማደርግና የምሠራበትን ስፌት ቤት ሒሳብ በኮምፒውተር ስለምይዝ ዳኝነቱ ለእኔ ይሰጥ ነበር። ወገን እንዳለኝ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። የአንድሮይድ ሰው ነኝ።

የማወራው ስለ 2016 ነው። ዓመቱን በፈረንጅ የምጠራው ወድጄ አይደለም፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማ በሂጅራ ይቆጥር ነበር፣ እናቴ በእኛ ትቆጥራለች፣ እኔ መሀል ላይ ቆሜ የሚያስታርቀኝ አጥቻለሁ። ደቡብ ጅዳ ያለው ሰፈራችን ያኔ ገና አልፈረሰም፤ ዶዘር የገባበት በ2021 መጨረሻ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የተጠጋጉ ቤቶች፣ በፌስታል የሚሸጥ እንጀራ፣ ከየመስኮቱ የሚወጣ «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?» ነበረን። ሃሎው የኢሞ ነው። የዋትስአፕ ጥሪ ተዘግቶ ነበር፤ ሳውዲ የኢንተርኔት ጥሪ ዕገዳዋን ያነሳችው በመስከረም 2017 ነው። አይፎን ያላቸውም ቢሆኑ ፌስታይም አያውቁም፤ እዚያ በተሸጡ ስልኮች ላይ የተፈቀደው በ2018 ነው። ስለዚህ ባለ ውዱም ባለ ርካሹም ስልክ የእናቱን ፊት የሚያየው በዚያው በኢሞ፣ እየተቆራረጠ ነበር።

የእኔ ክርክር ብዙ አልነበረም። አንድሮይዱ ሁለት ሲም ይወስዳል፤ አንዱን ለሳዋ መስመር፣ ሌላውን ኢንተርኔት ለረከሰበት ታደርገዋለህ። አይፎን ሁለተኛ ሲም ያገኘው በ2018 ነው። ሚሞሪ ይገባበታል፤ መንዙማውንም ድራማውንም ሱቅ ወስደህ አስጭነህ ትመጣለህ። የጎረቤትህን አፕ በሼርኢት ያለ ኢንተርኔት ትቀበላለህ። አይፎን ያኔ ይህን ሁሉ እንደ ነውር ያየው ነበር። ገመዱም የራሱ ብቻ ነበር፤ ከ2012 ጀምሮ አይፎን 15 እስኪመጣ፣ ማለትም እስከ 2023፣ ሌላው ስልክ በማይጋራው ገመድ ኖሯል። አንድ ክፍል ለብዙ ሰው ለሚከራዩ የራስ ገመድ መያዝ ማለት ከገበታ ተለይቶ መብላት ነው።

የወዲያኞቹም እውነት ነበራቸው፣ አልክድም። በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ በ2018 የመጣውን አይኦኤስ 12 ሶፍትዌር ተቀብሏል፤ እኛ በርካሽ የምንገዛቸው አንድሮይዶች በተወለዱበት የሚሞቱ ነበሩ። ሲሸጥም አይፎን ገዢ አያጣም። አገር ቤት ደሴ ላሉ ልጆች ደግሞ ጀርባው ላይ የተገመጠች ፖም ከሌለች ስልክ ተላከ አይባልም።

ይህ ሁሉ ክርክር ከንቱ መሆኑን ያሳየችኝ የባቲዋ እታለም ናት። ሰሜን ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እረፍት ሲሰጧት ከሌሎች ሴቶች ጋር ወደተከራየችው ክፍል፣ ወደ እኛ ትመጣለች። አንድ ቀን አይፎን ይዛ መጣች። መዳሟ አዲስ ሲገዛላት አሮጌውን ሰጥታት ነው። ክፍሉ ሁሉ እልል አለ። እታለም በስልኩ የመዳሟን መስታወት፣ የመዳሟን ሽቶ፣ ራሷንም ሳሎኑ ሶፋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ከእነጫማዋ ተቀምጣ አነሳች። ለእናቷ ልትልክ ነበር።

ስልኩ ውስጥ ያለው አካውንት ግን አሁንም የመዳም ነው። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ መዳም አይፓድ ላይ ወጡ። ማታ ጠርታ አይፓዱን አሳየቻት። እታለም መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች። መዳም ግን ለረጅም ጊዜ አይታ፣ «ይቺ ታምራለች፤ ጫማሽን ግን አታወልቂም ነበር?» ብቻ ብላ አካውንቷን አስወጣችላት።

አዲስ አካውንት መክፈቱ ለእኔ ተረፈ። የትውልድ ቀን ጠየቀን። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ቀን ደላላው ለጉዞዋ ሲል ዕድሜ የጨመረበት ነው። ኢቃማዋ ያንኑ ውሸት ይደግመዋል። እናቷ ደግሞ የሚያውቁት ከረሃቡ ማግሥት፣ ዝናቡ የተመለሰ ጊዜ መወለዷን ነው። ደላላውን መረጥን፤ ማኅተም ያለው እሱ ጋ ነው።

ቀጥሎ ይለፍ ቃል ብትረሳ የሚጠየቁ የምስጢር ጥያቄዎች መጡ። ከዝርዝሩ ሦስት ምረጡ ይላል።

«የመጀመሪያ መኪናሽ ሞዴል ምንድን ነው?» ብዬ ተረጎምኩላት። ሴት መንዳት እስከ ሰኔ 2018 ባልተፈቀደበት ሀገር የተቀመጠች፣ ባቲ ሳለችም ከአይሱዙ ጀርባ በቀር መኪና ያልተሳፈረች ሴት ናት።

«እለፈው ወንድምዓለም።»

«የመጀመሪያ የቤት እንስሳሽ ስም?»

«ቦራ። በሬያችን ነው። ይኼን ምን ያደርግለታል?»

«እናትና አባትሽ የተገናኙት የት ከተማ ነው?»

ተነስታ ቆመች። «ወላሂ ይኼ ነገረኛ ነው! ሰኞ ገበያ ነው የተገናኙት፣ አባቴ ፍየል ሊሸጥ ወጥቶ። አሁን ይኼን ለማን ሊነግር ነው?» ስልኩን ከእጄ ነጥቃ አጠፋችው። «ፖሊስ ነው እንጂ ስልክ አይደለም።» በሳምንቱ አይፎኑን ሸጠች፤ እኔም ደስ እያለኝ ሳምሰንግ አስገዛኋት።

የሸጠልን ባለ ሱቅ የአገር ልጅ ነበር፤ እጁ ፈጣን፣ ትዕግሥቱ አጭር። «ኢሜል አለሽ?» አላት። «እሱ ምንድን ነው?» አለችው። ሁለተኛ አልጠየቃትም፤ ስልኩን ወስዶ ተተተተ አድርጎ ፕሌይ ስቶሩን ከፈተ፣ ኢሞ ጫነ፣ መለሰላት። የምስጢር ጥያቄ የለ፣ በሬ የለ፣ አባት የለ። «አየሽ? አንድሮይድ እንዲህ ነው» አልኳት።

በማግሥቱ ስልኳ ውስጥ የማታውቃቸው ሰዎች ተገኙ። «አቡ ሳሊም ዶሮ»፣ «የጣሪያ ቀዳጁ»፣ «እንዳታነሺው»፣ «እንዳታነሺው 2»፣ «ሐሊማ ሪያድ ያለችው»። ልጁ ለደንበኛው ሁሉ አዲስ ጂሜል መክፈት ሰልችቶት አንዱን፣ የራሱን፣ በየስልኩ ሲያስገባ ኖሯል። ጉግል ደግሞ በአንድ አካውንት የገቡ ስልኮችን ሁሉ የአንድ ሰው አድርጎ ስለሚቆጥር የሁሉንም ስልክ ቁጥር ለሁሉም ያድላል። አንዱ ስም ቢያስተካክል በሌላው ላይ ይስተካከላል፤ አንዱ ቢሰርዝ ከሁሉም ይሰረዛል። አይፎኑ እታለምን ከመዳሟ ጋር አዛምዷት ነበር፤ ሳምሰንጉ ከግማሽ ጉለይል ጋር አዛመዳት።

መጀመሪያ ወደድነው። የቧንቧ ሠራተኛ ሲጠፋ ከስልካችን ይገኛል። ዶሮ ስንፈልግ አቡ ሳሊም አለ። አንዳንዴም ይበዛል፤ እታለም እናቷን «እማ» ብላ ስትመዘግብ «እማ» የሚባሉ ስምንት ሆኑ፤ አዋጥተን ደወልንና የስድስቱን ምርቃት ተቀበልን።

መስከረም ላይ የሞባይል ሽያጭና ጥገና ለሳውዲ ዜጎች ብቻ ይሁን የሚለው ሕግ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። የልጁ ሱቅ ተዘጋ፤ ልጁም መካ ሄደ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ ስልኮቹ ሁሉ ባዶ ሆኑ። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አልታወቀም፣ ያለውን ስም ሁሉ መርጦ ሰርዞታል። ዛሬ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ማን አለ? እታለም ባቲ የሚደወልበትን እስከ መጨረሻው ሦስት አኃዝ አስታውሳ እዚያ ላይ ትቆማለች።

መፍትሔው ነበረ፤ አውቀው ነበር። ጉግል የስም ዝርዝሩን እስከ 30 ቀን ወደኋላ ይመልሳል። ለዚያ ግን አካውንቱን በኮምፒውተር መክፈት፣ ለመክፈት ደግሞ ይለፍ ቃሉን ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ይለፍ ቃሉ መካ ነው።

80 ኪሎ ሜትር ገደማ በጋራ ታክሲ ሄጄ ሚስፈላ የሚባል ሰፈር ውስጥ ልጁን አፈላልጌ አገኘሁት። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥባል። ሰላምታ ሳንጨርስ «ተቀበለህ ኡምራህን?» አለኝ። ምን ልበለው? ሰው ሁሉ ምሕረት ፍለጋ በሚመጣበት ከተማ ይለፍ ቃል ፍለጋ መምጣቴን ስነግረው አንሶላውን ጥሎ ተቀመጠና ሳቀ። ቀጥሎ ተናደደ፤ የእሱም እናት እዚያው ውስጥ ነበሩና እሱም አጥቷቸዋል። ይለፍ ቃሉ የሱቁ የመብራት ቆጣሪ ቁጥር ነው። በቃሉ ያውቀው ነበር፤ ማረጋገጫውም ወደ ስልኩ ስለሚመጣ አብረን ኢንተርኔት ቤት ገባን።

ገጹ «ወደ መቼ ልመልስ?» ይላል፤ ወደ ትናንት፣ ወደ ሳምንት፣ ወይም እስከ ወር ድረስ ራስህ ወደምትመርጠው ቀን። ልጁ ምንም እንዳይቀር ወር ይሁን አለ፤ ወር አልነው። ስሞቹ ዘነቡ። እሱ «እማ»ዎቹን እየቆጠረ እንባው መጣ፤ የእሱ ሰባተኛዋ ነበሩ። ከመመለሴ በፊት ኡምራዬንም አደረግሁ፤ አፍሬ።

ጉለይል ስደርስ በሬ ላይ ሰልፍ ቆሟል። ወር ወደኋላ ስንሄድ በወሩ ውስጥ ሰው አስቦበት የሰረዘው ሁሉ አብሮ ተነስቷል። አንዷ «ጋሼ፣ የተፋታሁት ሰውዬ ስልኬ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ሌላዋ በወሩ ውስጥ ያስገባችው የአዲሱ አሠሪዋ ቁጥር በኖ ጠፍቶባታል። ከሁሉ የጮኸው ግን ከፊት የቆመው፣ የስፌት ክር የሚያመላልስልን ሰውዬ ነው። «የሰው ስልክ ውስጥ ገብተህ የሞተን ነገር መቀስቀስ ምን የሚሉት ነው?» እያለ ጣቱን አይኔ ውስጥ ሊከት ደረሰ።

ከሰልፉ ጭራ ባለ እንጀራዋ እትዬ፣ እንደ ባንክ የምታበድረን፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ስልኳን ታያለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ጠፍቶብኝ የከረመው ቁጥር ተመለሰ» አለችና ደወለች። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ኪስ ጮኸ።