ልጓሙን ለአፍህ!

ጎበዝ፣ ይሄን ሰውዬ ያዙልኝ! ከ2005 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የታየውን «አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር» አይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዙኮ የእሳቱ ንጉሥ ልጅ አይደል? ንስሐው የውሸት ነው፤ ዘር ከልጓም ይስባል!»

ይስባል እንበል። ወዴት? በአባቱ በኩል ቅድመ አያቱ ጦርነቱን የለኮሰው ሶዚን ነው። በእናቱ በኩል ደግሞ አቫታር ሮኩ፤ ያው ሶዚን እሳተ ገሞራ ውስጥ ጥሎት የሄደው። ልጁ በየትኛው ይሳብ? ገመድ ጉተታ ነው እንዴ? እህቱ አዙላስ? ያንኑ ዘር አዝላ እሷ ሌላ፣ እሱ ሌላ!

ተረት ካማረህ እኔም አለኝ፦ እሳት አመድ ይወልዳል። በል አስታርቃቸው!

ዙኮ በ13 ዓመቱ «ምልምል ወታደር አይማገድ» ስላለ የገዛ አባቱ ፊቱን ለበለበው። ዘር ቢስበውማ አብሮ በማገደ ነበር።

አጎቱ አይሮም አለልህ። ባ ሲንግ ሴን 600 ቀን ከቦ፣ ልጁን እዚያው አጥቶ ተመለሰ። ኋላ በዚያችው ከተማ ሻይ ቤት ከፈተ። ግንብ ያፈረሰ እጅ ሻይ ቀዳ! ልጓምህን ያን ጊዜ ማን ፈታው?

በእሳት አገር ትምህርት ቤት ደግሞ «የአየር ሕዝብ ሠራዊት ነበረው» ብለው ያስተምራሉ። ከዚያ ሕዝብ የተረፈው አንግ እዚያው ክፍል ተቀምጦ «ሠራዊት አልነበራቸውም» አለ። አየህ? ጥላቻ ከደም ቢመጣማ ደብተር ባላስፈለገው!

መንደር ውስጥ ዙኮ አንድ ሕፃን ከወታደሮች አስጣለ። ማንነቱን ሲናገር ልጁ «እጠላሃለሁ» አለው፤ ቀደም ብሎ የሰጠውን ጩቤ ሲመልስለትም አልቀበልም አለ። የልጁ ይገባኛል፤ ወንድሙ ጦር ሜዳ ነው። አንተን ግን፣ ሶፋህ ላይ ተዘርረህ፣ ዙኮ ምን አደረገህ?

«ይቅርታው ረከሰ» ደግሞ ትላለህ። በየትኛው ገበያ? የአንግ ጓደኛ ካታራ አንዲት ስህተት ብትሠራ አለቀልህ አለችው። ሌላዋ ጓደኛው ቶፍ አምና በሌሊት ብትመጣ እግሯን አቃጠለው፤ መጀመሪያ ያመነችውን! ከድቶ እስር ቤት ያስገባው አጎቱ ድንኳን ውስጥ ተኝቶ ሲያገኘው፣ እስኪነቃ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። የአጎቱን ዓይን ማየት ፈርቶ እንጂ ቃል ጠፍቶት አልነበረም። አይሮ ነቃ። ዙኮ እያለቀሰ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። አይሮ ሳያስጨርሰው ስቦ አቀፈው።

ሳበው፣ ሰማህ? ዘር አይደለም፤ አጎቱ ነው የሳበው። ሂድና ያቺን ክፍል ደግመህ እያት፤ ከዚያ ተረትህን ይዘህ ና።