ቢውጠውስ ስንት ሊሰጥ ነው?

በጌዴኦ ምድር፣ ይርጋጨፌ አጠገብ ያለችው ዱመርሶ እሸት በሚለቀምበት ሰሞን እንግዳ አይቸግራትም። ቡና ገዢው ከአሜሪካም፣ ከጀርመንም፣ ከጃፓንም ይመጣል። ድሮ ካሜራ ብቻ ይዞ ነበር የሚመጣው፤ አሁን «የኢትዮጵያውያን የንግድ ባህል» የሚል ሥልጠና ወስዶ፣ እኛን በቃሉ ሸምድዶ ነው። እኛም ፈተናውን እናርምለታለን።

ሥልጠናው «ኢትዮጵያውያን ለሰዓት ግድ የላቸውም» ብሎታል። ለ2 ሰዓት ቀጠረ። ገበሬዎቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ጤዛው ሳይረግፍ ማጠቢያው በር ላይ ተሰለፉ። እሱ በራሱ ሰዓት 2 ሲል፣ ማለትም በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ አቧራውን አስነስቶ ከች አለ።

«ይቅርታ፣ አምስት ደቂቃ አረፈድኩ።»

«ለአምስቱ ደቂቃ አንተ ይቅርታ ጠየቅህ፤ ለስድስቱ ሰዓት ማን ይጠይቅልን?»

ውሉን ሲዘረጋው 2024 ይላል። እኛ ያለነው 2017 ላይ ነበር። ሰባት ዓመት ቀድሞን ሄዶ፣ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ የመጣ ሰው ስለ ቀጠሮ አክባሪነት ሊያስተምረን!

ከዚያ ዙሪያውን ቃኘና «እርሻችሁ የት ነው? ጫካ ውስጥ አስገባችሁኝ እኮ» አለ። «እየረገጥከው ነው» አሉት። በመስመር የተደረደረ ነገር ካላየ እርሻ አይመስለውም። ላይ ዋርካና ብርብራ፣ መሐል እንሰት፣ ሥር ቡና፤ ጌዴኦ እንዲህ ነው የሚያርሰው። ዩኔስኮ ግን ጫካ ነው ብሎ አላለፈውም፤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

«ኢትዮጵያውያን በሰምና ወርቅ ነው የሚናገሩት» የሚልም አንብቧል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የሚል መጽሐፍ አሳትሟል። ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን የሚናገረው ስለ አማራ ባህል ነው። እሱን አንብቦ ጌዴኦ መምጣት የኖርዌይ ካፖርት ለብሶ ሲሲሊ እንደ መውረድ ነው። ሽማግሌው በጌዴኡፋ የተናገሩትን አንዱ ወደ አማርኛ፣ ሌላው ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጡታል። መንገድ ላይ የተንጠባጠበውን ሁሉ እንግዳው «ወርቅ» እያለ ይመዘግባል። የአስተርጓሚ ስህተት ቅኔ ሲሆን ያየነው ዱመርሶ ላይ ነው።

(የአዲስ አበባውም ነጋዴ ከዚህ አይሻልም። «እናንተ ደቡቦች፣ ቡናችሁ ሲጥም!» ይላል። «እናንተ ሰሜኖች፣ ሒሳባችሁ ሲመር!» ነው መልሱ። ከዲላ ሲታይ አዲስ አበባም ሰሜን ነው።)

«በናንተ ባህል ታናሽ ታላቁን ይፈራል፤ አለቃ አይጠየቅም» አለን ደግሞ።

«ማን ነገረህ?»

«ሆፍስቴድ።»

ሆላንዳዊው ሄርት ሆፍስቴድ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት የአገሮችን ባህል በቁጥር ለክቷል። የጠየቀው የአይቢኤምን ሠራተኞች ነው። በኋላም ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ «ምሥራቅ አፍሪካ» ብሏታል።

«አይቢኤም ዱመርሶ ቅርንጫፍ ነበረው እንዴ?» ብለው ጠየቁ ሽማግሌው። የአራት ቤት ወጥ አንድ ድስት ውስጥ ገልብጦ «ጨው አነሰው» የሚል እንግዳ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ያውም ስለ ሥልጣን ለጌዴኦ! በባሌ ሥርዓት (የቀድሞው ክፍለ ሀገር አይደለም) አባ ገዳ በየስምንት ዓመቱ ቦታውን ያስረክባል፤ ቅሬታ ያለው ሶንጎ (ሸንጎ) ላይ ተቀምጦ ይናገራል። «ያንተስ አለቃ ወንበሩ ላይ ስንት ዓመቱ ነው?» ብንለው «አሥራ አራት» አለ። ዝም አልን። እንግዳ አናሳፍርም።

የኔ ነፍስ ግን ቅምሻው ላይ ነው። ስኒ ተደረደረ። እንግዳው በማንኪያ ቀድቶ፣ ውሻ እንኳን ደንግጦ እስኪነሳ ድረስ ፉርርር አድርጎ ሳበና፣ ቱፍ! ተፋው። ጀበና ጥደው አቦል ሊያቀርቡ የተቀመጡት እማማ ክው አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ዝንብ ገባበት?»

«አይ እማማ፣ በጣም ጥሩ ነው ማለቱ ነው» አለ አስተርጓሚው።

«ጥሩ ሲሆን የሚተፋ ከሆነ፣ መጥፎውን ነው የሚውጠው?»

«89 ነጥብ ሰጥቶታል እኮ!»

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

«አሥራ አንዱን ማን በላው? ደግሞ ተፍቶ 89 የሰጠ፣ ቢውጠውስ ስንት ሊሰጥ ነው?»

የጃፓኑ ገዢ ግን ሥልጠናም አላስፈለገው። ካርዱን በሁለት እጁ ሰጠ፤ እኛም የቀኝ ክንዳችንን ክርን በግራ እጃችን ደግፈን ተቀበልን። ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ አልን። «እሺ» ስንለው አልፈነደቀም፤ አገሩ «ሃይ» ብዙ ጊዜ «ሰማሁህ» እንጂ «ተስማማሁ» አለመሆኑን ያውቃላ! አሜሪካዊው «እሺ»ን ሰምቶ ጭነት መኪና ይጠራል። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» ስንል ደግሞ ደንግጦ ውሃ ያቀርብልናል። ሰሜን ስዊድን ውስጥም ሰዉ «አዎ» የሚለው እንዲሁ አየር ስቦ ነው፤ እነሱን ሐኪም ጋ የሚወስድ የለም።

አሁን ወደ ዋናው። እንግዳው «እኛ ዙሪያ ጥምጥም አናውቅም፤ ፊት ለፊት ነው የምንናገረው» አለ።

«ደግ። የዚህ ቡና አንዱ ስኒ እናንተ አገር ስንት ይሸጣል?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ እንኳን… ይለያያል። የቤት ኪራይ አለ፣ የቡና ቆዪው አለ፣ ወተት አለ…»

«የኛንስ ዋጋ ማን ይቆርጣል?»

«መነሻው የኒውዮርክ ገበያ ነው።»

«ኒውዮርክ ቡና ይበቅላል?»

«አይበቅልም።»

«ታዲያ ምን አግብቶት?»

«ነገሩ ትንሽ ውስብስብ ነው…»

ፊት ለፊት ተናጋሪው ሰውዬ ቅኔ ጀመረ! እኛ እሸት በኪሎ በብር እንሸጣለን። ኒውዮርክ የተፈለፈለውን ቡና በፓውንድ፣ ያውም በአሜሪካ ሳንቲም ይጠራዋል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይበላል። እሸቱን ወደ ፍሬ፣ ኪሎውን ወደ ፓውንድ፣ ሳንቲሙን ወደ ብር ሳይፈታ ገበሬው ትርፉን አያገኘውም። ሌቪን ይህን ቢያይ ሁለተኛ ቅጽ ይጽፍ ነበር።

«እሺ ነገ»ንም የኛ ብቻ አድርገው ያሙናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር በሲዳሞና በሐረር ላይ ተቃውሞ አቀረበ፤ ኢትዮጵያ ከስታርባክስ ጋር የተፈራረመችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ቀጥተኛ ተናጋሪ አገር «ስማችሁ የናንተ ነው» ለማለት ሁለት ዓመት ፈጀበት።

እንግዳው ሲሰናበት «ዋጋውን አይቼ እመለሳለሁ» አለ። በአንድ አፍ «እሺ» አልነው። የትኛው «እሺ» እንደሆነ ማስታወሻው ላይ ፈልጎ ያግኘው።

ለሚቀጥለው እንግዳ፦ ቀጠሮው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ማጠቢያው በር ላይ። በኛ ሰዓት።