ፀሐይ አሟሟቅ በአርዲቦ ዳርቻ፦ መነሻ ጥናት

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትምህርት ቤት ካቆሙበት ጀምሮ ሊቅ ሲያፈራ፣ መጽሐፍ ሲያስገለብጥ ኖሯል። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ በአርዲቦ ሐይቅ ዳርቻ የሚሠራበት ሌላው ጥበብ፣ ጧት ጧት ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ መሞቅ፣ እስካሁን ተመራማሪ አልቆመለትም። ይህ ክፍተት አጥኚውን እንቅልፍ ነሥቶታል። (እርግጥ ብርዱም አግዟል።)

ስለ ብርዱ መነሻ ጥቂት እንበል። አርዲቦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ይላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ምድር ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት የሚከልልላት ደመና የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትበትነው ታድራለች። ሲነጋ ሣሩ ጠል፣ ሰው ጋቢ ለብሶ ይገኛል።

የመጀመሪያው ችግር የግድግዳ መረጣ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዞረ ግድግዳ የተሻለ ይሞቃል። አጥኚው ይህን የደረሰበት በብዙ ስሌት ሲሆን፣ ቦታው ላይ ሲደርስ ድመት ተኝታበት አገኘ።

የሙቀት መለኪያው ጋቢ ነው። ፀሐይ እንደወጣች የሚታየው ዓይን ብቻ ነው፤ በዚህ ደረጃ ለቀረበ ጥያቄ ሁሉ መልሱ «እህ» ነው። ቀጥሎ አፍንጫ ይወጣል። አገጭ ሲገለጥ ወሬ ይጀመራል፤ መጀመሪያ ስለ ከብት፣ ከዚያ ስለ ዋጋ፣ ከዚያ እዚያ ስለሌለ ሰው። ጋቢው ከትከሻ ወርዶ ጉልበት ላይ ሲያርፍ ሁሉም ጆሮውን ወደ ቡና ሙቀጫው ድምፅ ይጥላል። ቴርሞሜትር ይህን ሁሉ አይናገርም።

ሥርዓቱም ቀላል አይደለም። ሽማግሌ ሲመጣ «ኖር!» ብሎ መነሣት ግድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የተነሣ ሰው ግን ያሞቀውን መደብ ቀዝቅዞ ያገኘዋል። መፍትሔው ከመቀመጫ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ መመለስ ነው። አክብሮቱ ይደርሳል፣ ሙቀቱም አይባክንም።

ከባዱ ጥፋት ጥላ መጣል ነው። ዲዮጋንስ የተባለው የግሪክ ፈላስፋ ታላቁ እስክንድር የፈለገውን እንዲጠይቀው ሲፈቅድለት፣ ከፀሐዬ ዞር በልልኝ ብሎ መለሰለት ይባላል። የግሪክ ሊቃውንት ይህን እንደ ታላቅ ድፍረት ቆጥረው እስከ ዛሬ ያወሩታል። አጥኚው ደብተሩን ይዞ አንድ አባት ፊት ቢቆም ያንኑ ፍልስፍና በለሆሳስ ሰምቶታል፦

«አብሽር ልጄ፣ ትንሽ ፈቀቅ በልማ።»

«ይቅርታ አባቴ፣ ጥናት ላይ ሆኜ ነው።»

«ተቀምጠህ አጥናው።»

በእኛ ግምት ከዚህ የተሻለ የጥናት ዘዴ ምክር ከአማካሪ አይገኝም።

ሥራ ፈትነት ነው የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ቁልቁል ቢመለከቱ ጥሩ ነው። ከአርዲቦ የሚወርደው ውኃ ገዳሙ ወዳለበት ሐይቅ ይገባል፤ ከዚህ ሐይቅ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ታዲያ ያ ውኃ እዚያ ደርሶ ምን ይሠራል? ፀሐይ ይሞቃል፤ ከፊሉም ሳይሰናበት በኖ ይሄዳል። ሰው ከውኃው ተማረ ወይስ ውኃው ከሰው የሚለው ገና አልተወሰነም።

ናሙናችን አንድ ግድግዳ፣ አንድ መደብ፣ አንድ የተዋሰ ጋቢ ነው። ለማስፋት ዕቅድ ነበረን፤ ነገር ግን «ቡና ደርሷል!» የሚል ጥሪ ተሰማና የመስክ ሥራው ተቋረጠ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተን ስንመለስ ጥላው መደቡን አጋምሶት ነበር። በቀረችው ፀሐይ ላይ ድመቷ ተዘርግታለች፤ ደብተሩን ትራስ አድርጋዋለች።