የቀዝቃዛ ሻይ የክርስትና ስም

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲሉ የኖሩት የሰውን ልጅ እንጂ የንግድ ማኅበርን አስበው እንዳልነበረ የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን የአሜሪካ ነጋድያን ምሥጢሩን ከእኛ ይልቅ አጥብቀው ስለ ያዙት፣ ነዋያቸው በመነመነና ዕቃቸው ገዢ ባጣ ጊዜ ዕቃውን ለማሻሻል በከንቱ ከመድከም፣ ዘመኑ የሚሰግድለትን ቃል በስማቸው ላይ ቀጥለው በአንድ ጀምበር መክበርን መርጠዋል።

ከእነዚህ ሁሉ አብልጦ ውዳሴ የሚገባው፣ በኒው ዮርክ ቀዝቃዛ ሻይና ሊሞናታ በጠርሙስ ይሸጥ የነበረው «ሎንግ አይላንድ አይስድ ቲ» የተባለው ኩባንያ ነው። ከሻዩ ኪሳራ እንጂ ትርፍ ያላየው ይህ ማኅበር፣ ቢትኮይን ሰማይ በነካበት ሰሞን፣ ዲሴምበር 21 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.፣ ከእንግዲህ ወዲህ «ሎንግ ብሎክቼይን» ተብሎ እንዲጠራ አወጀ። የእኛ ወንድ ሕፃን ክርስትና ለመነሣት አርባ ቀን፣ ሴቷም ሰማንያ ቀን ይጠብቃሉ፤ ለሻዩ ግን አንዲት ማለዳ በቃችው፤ በዋዜማው 2 ዶላር ከ44 ሳንቲም ያወጣ የነበረው አክሲዮን በዚያው ዕለት ከ9 ዶላር በላይ ደርሶ ታየ። ኩባንያው የቢትኮይን መሠረት የሆነውን የብሎክቼይን ቴክኖሎጂ ሊመረምር፣ ገንዘቡንም ወደዚያ ሊያዘነብል ማሰቡን ተናገረ እንጂ ሠርቶ ያሳየው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ጠርሙሱም ያው ጠርሙስ፣ ሻዩም ያው ሻይ ነበረ። ይህን ማታለል ነው የሚል ቢኖር የእምነትን ኃይል ያልተረዳ ነው፤ በቃና ዘገሊላ እንኳ አሳዳሪው ወይኑን ቀምሶ ነበር የመሰከረው፤ የዚህኛው ሰርግ እድምተኞች ግን ሳይቀምሱ ከፈሉ።

ሥርዓቱን የፈለሰፈው ሻዩ ነው ማለት ግን በቀደሙት አበው ላይ ግፍ መሥራት ይሆናል። በ1998 እና በ1999 የኢንተርኔት ትኩሳት በበረታ ጊዜ ስማቸውን ወደ «ዶት ኮም» የለወጡትን ኩባንያዎች ኩፐር፣ ዲሚትሮቭና ራው የተባሉ መምህራን መርምረው፣ አዲሱ ስም በታወጀበት ዕለት ዙሪያ ባሉት አሥር ቀኖች አክሲዮኖቹ ከገበያው በላይ በአማካይ 74 በመቶ ያህል እንደ ጨመሩ፣ ኩባንያው ከኢንተርኔት ጋር እውነተኛ ሥራ ቢኖረውም ባይኖረውም በረከቱ እንዳልቀረበት ጽፈዋል። ሊቃውንቱ ይህን ያሳተሙት በ2001 ነበር፤ ባለአክሲዮኖች ግን መጽሐፍ ከማንበብ ሠሌዳ ማንበብ ይቀላቸዋል።

የሻዩ ፍጻሜ ብዙ ሐተታ አያሻውም፦ አክሲዮኑ ይሸጥበት የነበረው ገበያ ናስዳክ በ2018 ከመዝገቡ ፋቀው፤ የአሜሪካ መንግሥት የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽንም በ2021 የአክሲዮኑን ምዝገባ ሰረዘ፤ የተሰበከው ብሎክቼይንም ከቶ ሥራ ሳይጀምር ቀረ። በዚያው ዓመት ኮሚሽኑ ሦስት ሰዎችን ሲከስ እንደ ገለጸው፣ ከመካከላቸው አንዱ ምሥጢሩን ከአዋጁ በፊት ሰምቶ 35,000 አክሲዮን ከገዛ በኋላ፣ አዋጁ በተነገረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሸጦ ከ160,000 ዶላር በላይ አትርፏል። ከምእመናኑ ሁሉ ወደ ምሥጢሩ የቀረበው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ለመሸጥም እንዲህ የቸኮለው እርሱ መሆኑ ያስደንቃል።

በስም ለውጥ ከብረው ኋላ ለወደቁት የሚያዝን ሰው ካለ ግን ይጽናና፤ ጥምቀት አንዲት ናት የሚለው ሕግ በዎል ስትሪት አይሠራምና፣ ከ2000ው የገበያ ውድቀት በኋላ «ዶት ኮም» የሚለውን ከስማቸው ላይ የፋቁት ኩባንያዎችም በመፋቃቸው አክሲዮናቸው እንደ ገና ጨምሮላቸዋል።