ጫት ጭና የማታውቅ መኪና

ጭሮ ከተማ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስለ መኪናዋ ሳይሆን ስለ ባለቤቷ ነው። «ሐኪም ነች የነዳቻት» ይላል ደላላው፣ የዘመድ ምስጢር እንደሚያወጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሐኪሟ ከቤቷ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤቷ እንጂ ሌላ መንገድ አታውቅም። ማታ ማታ መኪናዋን ሸራ ታለብሳታለች። አግብታ አሜሪካ ባትሄድ ኖሮ ለማንም አትሸጣትም ነበር። ይህችን ሐኪም ሂርናም፣ በዴሳም፣ ገለምሶም ሄጄ ወሬዋን ሰምቻለሁ፤ እንደሚባለው ከሆነ አንድ ዲኤክስ፣ አንድ ያሪስና ሁለት ቪትዝ በአንድ ጊዜ ትነዳ ነበር። በሽተኛ መቼ እንደምታይ አንድዬ ይወቀው።

ሐኪም ካልተገኘች ፈረንጅ አይጠፋም። በዚህ እንኳ ታሪክ ደላሎቹን ሳይደግፋቸው አልቀረም፤ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ከጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ያስገባው ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። «ፈረንጅ የነዳት» የሚለው ማሻሻጫ እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ድሮ ይህ ሁሉ ተረት አያስፈልግም ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ግን ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ወደ አገር ሲገባ እስከ 500 በመቶ ጣለበት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ባረጀ ቁጥር የሚከበር ሽማግሌና ቪትዝ ብቻ ሆኑ።

ዕድሜም ቢሆን እንደ አቆጣጠሩ ነው።

«የ2005 ሞዴል ናት» አለኝ ደላላው።

«ስንት ዓመቷ ነው ታዲያ?»

«አሁን 2018 አይደል? ዐሥራ ሦስት!»

ስትሠራ በፈረንጅ፣ ስታረጅ በእኛ። ሰባት ስምንት ዓመት በጳጉሜን በኩል ሾልኮ ቀረ።

የሚገርመኝ የምዕራብ ሐረርጌ ሰው በግዢ የዋዛ አለመሆኑ ነው። ቤት ታስሮ፣ የማሽላ አገዳ በእጅ እየተጎረሰ የደለበ የሐረር ሰንጋ ገበያ ሲወጣ አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ። ገዢው ሻኛውን ይዳብሳል፣ ዳሌውን ጨበጥ ያደርጋል፣ አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። «ያሳደገችው ሐኪም ናት ወይ?» ብሎ የጠየቀ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ያው ሰውዬ መኪና ፊት ሲቆም ግን አማቾቹ ቤት እንደገባ ሙሽራ ያፍራል። ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ ያደርግና «ጥሩ ናት» ይላል።

እኔ እንኳ ለማፈር አልሄድኩም። ያሳየኝ ቪትዝ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥታ ቆማለች፤ ጭሮ ላይ ባትሪ የደከመው መኪና ሁሉ እንዲህ ነው የሚቆመው። ኮፈኗን ብነካው ትኩስ ነው፤ ሳልመጣ አሙቋታል። «ሞተሯ ወርዶ አያውቅም» አለ ሳልጠይቀው። የፊት በሯን በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ቲን ቲን ይላል፤ ላሜራ ነው። የኋላውን ስመታው ዱብ ዱብ። ስቱኮ!

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«አቦ ጋሼ፣ እሱ የድምፅ መከላከያ ነው። ጃፓኖች ከኋላ የሚተኛ ልጅ እንዳይረበሽ ብለው ነው።»

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በዚህ አገር ጫት ያልጫነ መኪና የለም፤ ለሽያጭ ከቀረቡት ውስጥ ደግሞ ጫት ጭኖ የሚያውቅ አንድም የለም። የጫት መኪና እንዴት እንደሚነዳ መንገድ ዳር የቆመ ሁሉ ያውቀዋላ! የኋላ ወንበሯን ብድግ ሳደርገው ከነቅጠሉ የደረቀ አንድ እንጨት ጫት ወደቀ። ደላላው አነሳው፣ አገላብጦ አየው፣ «የመካኒኩ ነው» አለና ወረወረው። ቀጥሎ ማለ። መጀመሪያ «ወላሂ!» አለ፤ ፊቴን አየት አደረገና «ቁልቢ ገብርኤልን!» ሲል ጨመረ። በሁለቱም ወገን ዋስ ጠራልኝ።

ሙከራው ወደ አሰቦት ነው። «ለምን ወደ ሂርና አናደርገውም?» ብል «እዚያ ትራፊክ ይበዛል» አለኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ኮሽታ እንኳ የለም፤ ሞተሩን አጥፍቶት እንደሆን ብዬ ቁልፉን አየሁ። መመለሻው ላይ ዳገቱ ሲጀምር ግን ኤርኮንዲሽኑን ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ሬዲዮውን ዘጋ። ከዚያ የሙቀት መለኪያውን በእጁ ጋርዶ ይነዳ ጀመር። እስከዚያ ድረስ አንተ ሲለኝ የነበረ ልጅ በመጨረሻ «ጋሼ፣ ትንሽ ወረድ ብለው እግርዎን አያፍታቱም?» አለኝ። ሐረርጌ ላይ በድንገት አንቱ የተባለ ሰው ኪሱን ይጠብቅ። ራዲያተሩ ሲያፏጭ እኔ ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት።

ብልጦቹ ደላሎች ግን ዋጋ የሚጨርሱት በርጫ ላይ ነው። ምርቃናው ሲመጣ ቪትዟ ዳገት ትወጣለች፣ አዲስ አበባ ደርሳ ትመለሳለች፣ ልጅ ትድራለች። ቀብድ የሚከፈለውም ያኔ ነው። ጠዋት ዱካኩ ለብቻ፣ ሊብሬው ለብቻ ይቀራል።

ቪትዟን ተውኳት። ደላላው ግን አልተቀየመኝም፤ እንዲያውም የእኔን አሮጌ ዲኤክስ እንዲያሻሽጥልኝ ሰጠሁት፣ ችሎታው መቼም በዓይኔ ያየሁት ነው። በሳምንቱ ሻይ ቤት ተቀምጬ ከጀርባዬ ድምፁን ሰማሁ። ከበዴሳ የመጣ የሚመስል ገዢ ይዟል።

«የደራሲ መኪና ናት» ይላል። «ሰውዬው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ነው የሚውለው፤ መቼ ይነዳታል? መጽሐፍ እንጂ ጫት ጭና አታውቅም።»

«ምን ሆኖ ነው ታዲያ የሚሸጣት?»

«ልጆቹ አሜሪካ ወሰዱት። አሳዘነኝ አቦ፣ ሲለያት አልቅሷል።»

ቀስ ብዬ ብርጭቆዬን ይዤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሒሳብ ለመክፈል እንኳ አስተናጋጁን መጥራት አልቻልኩም፤ አሜሪካ ያለ ሰው ጭሮ ላይ አያጨበጭብም።