ናፍጣ ቀነሽብኝ

ሰው ሲዋሽ ይታወቀኛል። ዛፍ ሥር ተቀምጬ ስንቱን የድንበር፣ ስንቱን የፍቺ ክርክር ሰምቻለሁ፤ ምስክሩ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። የትራክተር መርፌ ሲዋሽስ ምን ይደረጋል? የጆካ ቂጫ፣ የሰባት ቤት ጉራጌ ሕግ፣ ለነፍስ ገዳይ እንኳ መላ አለው። ለውሸታም ጌጅ ግን የደነገገውን አልሰማሁም።

ትራክተሬ ማሲ ፈርጉሰን ነው፤ የእንግሊዝ ሥራ፣ በዕድሜ ከልጆቼ ግማሾቹን የሚበልጥ። ለእንሰቱማ ትራክተር ምን ያደርጋል? እንሰት የሰው እጅ ነው የሚፈልገው። ወደ ጊቤ ቆላ ለሚዘራው በቆሎና ጤፍ ብዬ ነው ከአንድ የቡታጅራ ሰው የገዛሁት። ዓመታት በሰላም ኖርን። ከመስቀል ወዲህ ግን ዳሽቦርዱ አበደብኝ።

የሙቀቱ መርፌ ሁለት ዙር ሳላርስ ቀይ ላይ ይወጣል። አቆማለሁ፣ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፣ ራዲያተሩን እዳብሳለሁ፤ ምንም የለበትም። የናፍጣው ደግሞ ጉረኛ ነው፤ ሩብ ሲቀር ግማሽ ይላል። አንድ ቀን የሰው ማሳ መሃል ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ጸጥ አለ። ቀና ብል መርፌው ሩቡ ላይ ተዘባኖ ተቀምጧል! ናፍጣ የጨረሰ ሞተር እንደ ጠማው ሰው ሲያጠጡት አይነሳም። አየር ይይዘዋል። ማጣሪያውና ፓምፑ ላይ ያሉትን ብሎኖች አላልተህ፣ አረፋው እስኪያልቅ በእጅ ትገፋለህ፤ ግማሹን ናፍጣ እጅጌህ ይጠጣዋል። ይህን በቀትር ስሠራ የአካባቢው ሕፃናት ከበው «አባባ፣ ሞተ?» ይሉኛል።

በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻ ላይ፣ ናዝሬት የተገጣጠመ ቤላሩስ ስነዳ፣ ናፍጣ የምንለካው በእንጨት ነበር። ታንኩ ውስጥ ትሰደዋለህ፣ የራሰበትን ታያለህ። እንጨት ሽቦ የለው፣ በምን ይዋሻል?

ቡታጅራ ደወልኩ። «የሸጥክልኝ ውሸታም ነው» አልኩት። «እዚህ እያለ ውሸት አያውቅም ነበር፤ ዘቢዳርን ከተሻገረ በኋላ የለመደው ነው» ብሎ ሳቀብኝ። የወልቂጤ ሰው እንዲህ ሲሰደብ ዝም አልልም ነበር፤ ካርዴ አለቀ።

መጀመሪያ የመጣው ኤሌክትሪሺያን አንድ እጁ ስልክ ላይ ነው። «ጌጁ ተቃጥሏል» አለ። ልጄ ከመርካቶ አዲስ ላከ፤ አዲሱም ያንኑ ውሸት ቃል በቃል ደገመው። «እንግዲያው ሴንሰሩ ነው» አለና ሞተሩ ላይ የምትገባውን ቀየራት፤ ውሃ እንዳታፈስ ብሎ ጥርሷን በነጭ ቴፍሎን እንደ ሕፃን ጠቀለላት። ያኔ የሙቀቱ መርፌ ጭራሽ ተኛ። ከውሸታም ወደ ዱዳ! ሒሳቡን ግን ሳይዋሽ ተቀበለኝ።

በመጨረሻ አንዲት ልጅ መጣች። ከኮሌጅ ከወጣች ዓመት አይሞላትም፤ የያዘችውም የመሞከሪያ አምፖልና ካቻቪቴ ብቻ። ቁልፉን አስከፈተችኝና የሴንሰሯን ሽቦ ነቅላ ለአፍታ የሞተሩን ብረት አስነካችው። መርፌው ዘሎ ቀይ ላይ ወጣ። «ሽቦውም ጌጁም ደህና ናቸው» አለች። ቴፍሎኑን ፈትታ ጣለችው፤ ለካ ሴንሰሯ መንገዷን የምታገኘው በጥርሷ በኩል፣ ከብረቱ ጋር ተነካክታ ነው። መርፌው ነፍስ ዘራ፤ ወደ ቀድሞ ውሸቱም ተመለሰ።

«ሁለቱ ባንድ ጊዜ ካበዱ፣ ጥፋቱ ሁለቱም የሚጠጡበት ምንጭ ላይ ነው» አለች። ደስ አለኝ፤ ይሄ የሽማግሌ ንግግር ነው። ለፍሪጅ የምንገዛውን ስታብላይዘር ታውቁታላችሁ? ከዳሽቦርዱ ጀርባም የክብሪት ቀፎ የምታክል ታናሽ እህቱ አለች፤ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 10 አውርዳ ለጌጆቹ ታካፍላለች። ሥራዋን የምትሠራው ግን ቆርቆሮዋ ከትራክተሩ ብረት ጋር ሲነካካ ነው። ካልተነካካ ያለውን ሁሉ ትለቀዋለች፤ መርፌዎቹም ጠግበው ይዘላሉ።

«ግራውንድ አጥታለች፤ መሬት ማለት ነው፣ አባባ።»

መሬት! መሬት ለአራሹ ብለው ተማሪዎቹ በ1957 ጮኹ፤ በየካቲት 1967 ታወጀ። የኔ አራሽ እስከ ዛሬ መሬት ሳያገኝ ነው የሚያርሰው።

«ምን ነጠቃት?» አልኩ።

«ቀለም። ከጀርባዋ ቀይ ቀለም ገብቶ ከብረቱ ለይቷታል። ማን ነው የቀባው?»

ለመስቀል ቤት ሲቀባ ጥቂት ቀለም ተርፎ ነበር። ልጆች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ እንግዳ ይመጣል፤ ክትፎው ተሰናድቶ ትራክተሩ እንደ ችግረኛ ደጅ ይቁም? ዳሽቦርዱም ተፈታ፣ ውስጡም ውጪውም አማረ።

«የሰፈር ልጆች ናቸው» አልኳት።

ቁልፍ ፍለጋ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈተች። ብሩሹ እዚያው ደርቆ ተቀምጧል፤ አጠገቡም ቀይ የተረጨበት አሮጌ ባርኔጣዬ። አየችው፤ እኔም እንዳየችው አየሁ። ምንም አላለችም፤ ያሳደጓት ሰዎች ይባረኩ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ ብረቱን አበራችው፣ ብሎኑን አጠበቀችና «ያስነሱት» አለችኝ።

አስነሳሁ፤ እስኪሞቅም ጠበቅን። የሙቀቱ መርፌ መሃል ላይ ደርሶ ቆመ፤ ጨዋ ሆነ። የናፍጣው ግን ከግማሽ ተንሸራቶ ሩብ ላይ ወረደ። ማደያ ስንት ሰዓት እንደተሰለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው!

«ልጄ» አልኳት፣ «ሙቀቱን አስተካክለሽ ናፍጣዬን ቀነሽብኝ።»