ቅርፊትና ፊት፦ የመነሻ ጥናት

ሰው ስለት ይዞ ዛፍ ሥር ከቆመ ባዶውን አይመለስም። ይህ ጥናት የሚመረምረው ምን ቀርጾ እንደሚመለስ ነው። በሰሜን አሜሪካ ኮተንውድ በሚሉት የፖፕላር ዘር ቅርፊት ላይ የሽማግሌ ፊት መቅረጽ ትርፍ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉበት ሥራ የሆነላቸው ሰዎች አሉ። ከወደቀ አሮጌ ዛፍ የሚገኘው ቅርፊት ውፍረቱ የጣት ርዝመት ስለሚያህል አፍንጫው ይወጣል፣ ዓይኑ ይገባል፣ ጢሙም ስንጥቁን ተከትሎ ይወርዳል። የእኛ ሰው ግን ባሕር ዛፍ ላይ የሚቀርጸው ስም ነው፤ አንድ ስም፣ የመደመር ምልክት፣ ሌላ ስም፣ ዙሪያውን ልብ። ይህን የባህል ልዩነት ነው የሚሉ አሉ። አይደለም፤ የውፍረት ልዩነት ነው። ወፍራም ቅርፊት ፊት ያወጣል፣ ስስ ቅርፊት ከስም አያልፍም።

በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን እንደ አሮጌ ነጠላ እየላጠ ይጥላል። በምላጭ ላይ ላዩን የተጫረ ፍቅር ከልጡ ጋር ወርዶ እሳት ማያያዣ ይሆናል፤ ለዚህም ሥራ ጥሩ ነው። ጠለቅ አድርጎ የቆረጠ ግን ጠባሳ ያተርፋል። ዛፍ ቁመት የሚጨምረው ከጫፉ ስለሆነ በደረት ልክ የተጻፈ ስም ዛፉ ሰማይ ቢነካም ከደረት ልክ አይነሳም፤ ግንዱ በወፈረ ቁጥር ግን ፊደሉ ወደ ጎን ይሰፋል። ከሃያ ዓመት በኋላ ባለስሞቹም በዚያው አቅጣጫ ስለሚሰፉ፣ ስሙ የፊት ምስል ሥራ ይሠራል ብንል ማጋነን አይሆንም። ኮንሶዎች ለሞተ ጀግና ዓይንና ጥርስ ያለው ዋካ የሚባል ምስል ይቀርጹ የለም ወይ የሚል ሊነሳ ይችላል። ይቀርጻሉ፤ የሚቀርጹት ግን ቅርፊቱን አልፈው እንጨቱ ላይ ነው። ቅርፊቱ አላስተማመናቸውም ማለት ነው።

ሁነኛው ማስረጃ ሪያድ፣ ዑድ ሰፈር ነው። የአገሩ ዛፍ ቴምር ሲሆን ቴምር ደግሞ እውነተኛ ቅርፊት የለውም፤ ግንዱን የሚሸፍነው የተቆረጠ ቅጠል ጉቶ ነው፣ ቢወጉትም ቁስሉ አይሽርም። እንግዲህ በመላምታችን መሠረት ቅርፊት በሌለበት ፊትም ስምም አይገኝም፤ አልተገኘም። በዑድ መካነ መቃብር የሳዑዲ ዓረቢያ ነገሥታት አብዱልአዚዝ (እ.ኤ.አ. 1953)፣ ፋይሰል (1975)፣ ፋህድ (2005) እና አብዱላህ (2015) ስም ባልተጻፈበት አፈር ተቀብረዋል። ይህ የመጣው ከሃይማኖት እንጂ ከዕፅዋት አይደለም የሚል ተቃውሞ አለ። ተቃውሞው ሙሉ በሙሉ ትክክል ስለሆነ በግርጌ ማስታወሻ እንዲቀመጥ ተወስኗል፤ ጽሑፉ የግርጌ ማስታወሻ የለውም።

አሁን የሚያሳስበው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው አረንጓዴ ሪያድ የተባለው ፕሮጀክት 7.5 ሚሊዮን ዛፍ ለመትከል አቅዷል፤ ብዙዎቹ ቅርፊት ይኖራቸዋል። ከዑድ ብዙም በማይርቀው መንፉሃ ደግሞ በርካታ ሐበሻ ይኖራል፤ በኪሱ ቁልፍ የማይዝ የለም።